ወጨፎ የማያስጥል ጣሪያ

እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ካውንቲ ውስጥ፣ ኮሎምቢያ ፓይክና ዋልተር ሪድ ድራይቭ በሚገናኙበት ጥግ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ሥራ ጀመረ። ከመስታወትና ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነበር። አውቶቡሱ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነበረው፤ ወለሉም በብርድ ጊዜ ይሞቅ ነበር። ጣሪያው ወደ መንገዱ ቀና ብሎ ከሩቅ ይታይ ነበር። ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ግን ከሥሩ የቆመ ሰው ይበሰብስ ነበር። ሰዉን ያስቆጣው ይህ ብቻ አልነበረም። ግንባታው 575 ሺህ ዶላር ገደማ፣ አስተዳደሩና ቁጥጥሩ ደግሞ 440 ሺህ ገደማ እንደፈጀ ሲሰማ ፌርማታው ሌላ ስም ወጣለት፤ «የሚሊዮን ዶላሩ ፌርማታ» ተባለ።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ይህን ጎዳና በደንብ ያውቀዋል። ምግብ ቤቱና ሱቁ እዚያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል ዋና መሥሪያ ቤትም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ኮሎምቢያ ፓይክ በቨርጂኒያ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ከሚበዛባቸው መንገዶች ቀዳሚው ሲባል የኖረ ነው። ጠዋት ወደ ፔንታገን ባቡር ጣቢያ የሚጓዘው ሰው ብዙው ሆቴል የሚያጸዳ፣ ወጥ ቤት የሚሠራ፣ ፓርኪንግ የሚጠብቅ ነው። በዚህ መስመር ላይ ፌርማታ መሥራት ትርፍ ነገር አይደለም። ካውንቲው ገንዘብ ማውጣቱም በራሱ አያስወቅሰውም።

ታዲያ ጣሪያው ለምን እንዲህ ሆነ? እቅዱ 24 ፌርማታዎችን በ20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሥራት ነበር። ያን ጊዜ በጎዳናው ላይ ትራም ሊዘረጋ ታስቦ ስለነበር ፌርማታዎቹ ለአውቶቡስም ለትራምም እንዲያገለግሉ ተፈለገ። ከዚያም በላይ፣ ሠፈሩ ሊለወጥ መሆኑን ለባለ ሀብቱ፣ ለቤት ገዢውና በመኪናው ለሚያልፈው ሰው እንዲያሳዩ ነበር የሚጠበቅባቸው። ስለዚህ ቅርጹ ከመንገድ ማዶ ለሚያየው ሰው ተስማማ። ከሥሩ ሆኖ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ግን በንድፉ ውስጥ ሁለተኛ ሆነ። እኔ እንደማየው የአርሊንግተን ጥፋት ውበት መፈለጉ አይደለም፤ ውበቱን ለተሳሳተ ሰው መሥራቱ ነው።

ለመሆኑ ጣሪያ ከዝናብ የሚያስጥለው እንዴት ነው? ዝናቡ ቀጥ ብሎ ከወረደ ማንኛውም ጣሪያ ይበቃል። ነፋስ ገፍቶት በ45 ዲግሪ ካዘነበለ ግን የጣሪያው ጠርዝ ከመሬት በራቀ ልክ ወጨፎው ወደ ውስጥ ይገባል። ጠርዙ አራት ሜትር ላይ ቢሆን ውሃው ወለሉን አራት ሜትር ዘልቆ ይመታል። የፌርማታ ጥልቀት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላምና ደረቅ ቦታ የሚባል አይኖርም። ያገራችን ቤት ታዛ ዝቅ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠርዙን ዝቅ ካደረጉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የአውቶቡሱ የጎን መስታወት እንዳይገጨው ከመንገዱ ዳር መሸሽ አለበት፤ ተሳፋሪው እንዳይረጥብም በጎንና በኋላ ግድግዳ ያስፈልገዋል። ግድግዳው በበኩሉ ሹፌሩ የቆመውን ሰው፣ የቆመውም የሚመጣውን አውቶቡስ እንዳያይ መከለል የለበትም። መስታወት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ብዙ ቦታ ግን መስታወቱ ቆሻሻ እንዳይጠራቀምበት ተብሎ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ተደርጎ ይተከላል፤ በዚያ ክፍተት የሚገባው ነፋስ ቁርጭምጭሚት ይቆርጣል። የመስታወት ጣሪያ ደግሞ በዋሽንግተን የሐምሌ ፀሐይ ሥር ጥላ አይሰጥም። በዚህ ሁሉ ላይ የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በዊልቸር የሚመጣ ሰው የሚቆምበት 76 በ122 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ነጻ ቦታ ሙሉ በሙሉ ከመጠለያው ውስጥ እንዲኖር ያዝዛል። ባለሙያውን የሚፈትነው ሥራ እዚህ ነው ያለው፤ ግን ፎቶ ላይ አይታይም። በእቅድ ሥዕሎቹ ላይማ ሰማዩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነው!

አንዳንዱ «ፌርማታ አሥር ደቂቃ የሚቆምበት ቦታ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» ይላል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ምንም ነገር የሌለበት ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው የጠበቀበት ጊዜ በእርግጥ ከጠበቀው ረዝሞ እንደሚሰማው፣ መቀመጫና መጠለያ ሲኖር ግን ስሜቱ እንደሚቃለል አሳይተዋል። ደኅንነቱ በማያስተማምን ቦታ ለቆመች ሴት ጊዜው ይበልጥ ይረዝማል። አውቶቡሱን ሳያፈጥኑ ጥበቃውን ማሳጠር ይቻላል ማለት ነው።

ፌርማታን ለዓይን መሥራት የአርሊንግተን ብቻ አይደለም። ኦስትሪያ ውስጥ ክሩምባኽ የምትባል አንድ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሰባት የታወቁ የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎችና ቡድኖች ሰባት ፌርማታ ነደፉላት፤ ክፍያቸውም በአካባቢው የሚያሳልፉት ዕረፍት ነበር። ጃፓናዊው ሱ ፉጂሞቶ የነደፈው ከቀጫጭን ነጭ የብረት ዘንጎች የቆመ ጫካ መሳይ ነገር ሲሆን በመካከሉ ደረጃ ይወጣል፤ ጣሪያ የሚባል የለውም። ሪንታላ ኤገርትሰን የተባለው ቢሮ ግን የእንጨት መጠለያውን ከጎኑ ካለው የቴኒስ ሜዳ ጋር አዛመደው፤ አንዱ ታች አውቶቡስ ሲጠብቅ ሌላው ከላይ ጨዋታ ያያል። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጣል። ያም ሆኖ በፉጂሞቶ መፍረድ ይከብደኛል። መንደሯ የፈለገችው የውጭ ሰው መጥቶ እንዲያያት ነበር፤ ሰዎችም መጡ። ቃል ያልተገባለትን ጣሪያ ከሥራው መጠየቅ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በውበትና በተሳፋሪው ምቾት መካከል ያለው ይህ ጠብ የሀብታም አገር ብቻም አይደለም። ካናዳዊው ፎቶ አንሺ ክሪስቶፈር ኸርዊግ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ግዛቶች ለዓመታት እየዞረ ያነሣቸውን ፌርማታዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በመጽሐፍ ሲያወጣ ብዙ ሰው ዓይኑን ማመን አቃተው። ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት በነበረበት ሥርዓት ውስጥ ለፌርማታ ማን ግድ ይሰጠዋል? ትንሽ ስለሆነች ከበላይ የሚመጣው ቁጥጥርም ላላ ያለ ነበር፤ ንድፍ አውጪውም ልቡ ያሰበውን ሠራባት። አብካዝያ ውስጥ ፒትሱንዳ አጠገብ ዙራብ ጸረቴሊ የሠራቸው ባለ ሞዛይክ ፌርማታዎች ለዓይን ድግስ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ከዝናብ አያስጥሉም። እዚያም መጨረሻ የታሰበው ተሳፋሪው ነበር።

በሎስ አንጀለስ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 «ላ ሶምብሪታ» የተባለች፣ በነባር የፌርማታ ምሰሶ ላይ የምትገጠም፣ 61 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ባለ ቀዳዳ ብረት በጋዜጣዊ መግለጫ ቀረበች። ቀን ጥላ፣ ማታ መብራት ልትሰጥ ነው። ከተማው ሳቀባት። አሳቢዎቹ ግን ሞኞች አልነበሩም፤ ሙሉ መጠለያ ለመትከል የብዙ መሥሪያ ቤቶች ፈቃድና ብዙ ገንዘብ ስለሚያስፈልግ ያን ሁሉ የማይነካ ዘዴ ፈልገው ነው። ይህችም የተቀረጸችው ለፈቃዱ ቢሮ እንጂ እኩለ ቀን ላይ ለቆመው ሰው አይደለም። አንድ ሰው በጥላዋ ልክ ለመቆም በጎን መዞር አለበት።

የአርሊንግተኑ ጫጫታ ከበረታ በኋላ የካውንቲው ሥራ አስኪያጅ የቀሩትን ፌርማታዎች ሥራ አስቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከለሰው እቅድ የ23ቱን ወጪ በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ከዝናብና ከነፋስ መከላከያውን አሻሻለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ትራሙ ራሱ ተሰረዘ። ቆይቶም ካውንቲው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ወደሚመጣ ቀለል ያለ ዓይነት ዞረ። የተከለሰው እቅድም ቢሆን ለእያንዳንዱ ፌርማታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር መያዙ ብዙዎችን አስገርሟል። ከገንዘቡ ከፊሉ የሚሄደው ከመሬት በታችና ዙሪያውን ላለው ሥራ ነው፤ ኮንክሪቱ፣ የመንገዱ ጠርዝ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የውሃ ማፍሰሻው። ከመጀመሪያው ፌርማታ ሂሳብ እንኳ ግማሹን ሊያክል ጥቂት የቀረው የአስተዳደርና የቁጥጥር ክፍያ ነበር። ጣሪያውን አንድ ሜትር ዝቅ ማድረግ ሂሳቡን ብዙም አይለውጠውም ነበር።