ተጨማሪ መረጃ፦ የጁፒተርን ሆድ በቤተ ሙከራ

ጁፒተር ውስጥ ያለው ቁስ አካል ምን ዓይነት ይመስላችኋል? እዚያ ያለው ግፊት ከለመድነው የከባቢ አየር ግፊት በሚሊዮኖች እጥፍ ይበልጣል። በ1 ሜትር ኩብ ውስጥ ከ100 ቢሊዮን ጁል በላይ ኢነርጂ የታመቀበት ቁስ ባለከፍተኛ ኢነርጂ እፍግታ ቁስ ይባላል። ከጁፒተር ናሙና ቆንጥሮ ማምጣት ስለማይቻል፣ ሳይንቲስቶች ተመሳሳዩን እዚሁ ምድር ላይ ለመሥራት ይጥራሉ።

በጀርመን፣ ዳርምሽታት ከተማ የሚገኘው ጂኤስአይ የምርምር ማዕከል ለዚህ ሥራ የከባድ አዮኖች ጨረር ይጠቀማል። ከባድ አዮን ማለት እንደ ዩራኒየም ካለ ከባድ አቶም ኤሌክትሮኖች ሲነጠቁ የሚቀረው ፖዘቲቭ ሙል ያለው ቅንጣት ነው። አዮኖቹ ዙሪያው 216 ሜትር በሆነ ቀለበት ውስጥ እየተሽከረከሩ ይፈጥናሉ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ተጠቅጥቀው ትንሽ የእርሳስ ቁራጭ ላይ ይለቀቃሉ። አዮኖቹ ቁራጩን መትተው የሚጨርሱት ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ነው!

የዘዴው ትልቁ ብልጫ ይህ ነው፦ የሌዘር ብርሃን ብረትን በቅድሚያ ከላይ ከላዩ ያግለዋል፤ አዮኖች ግን ጠልቀው እየገቡ ኢነርጂያቸውን በመንገዳቸው ሁሉ ስለሚያራግፉ ናሙናው ውስጡም ውጩም አብሮ ይግላል። ወጥ ሆኖ የጋለ ቁስ ደግሞ ለመለካት ይመቻል። አሁን እዚያው አጠገብ፣ ፌር በተባለው ፕሮጀክት፣ 1,100 ሜትር ዙሪያ ያለው እጅግ የበረታ ቀለበት እየተገነባ ነው።

ሞክሩት፦ ከላይ በተሰጠው ቁጥር መሠረት በ1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ጁል ይኖራል? ያ ኢነርጂ 1 ሊትር ውሃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ ያሞቃል?