ሲያንስ የሚለወጥ አውሮፕላን

ቻርልስ ሊንድበርግ እ.ኤ.አ. በሜይ 1927 ከኒው ዮርክ ተነሥቶ 33 ሰዓት ተኩል ብቻውን በመብረር ፓሪስ የገባባት «ስፒሪት ኦፍ ሴንት ሉዊስ» ሞዴል ሠሪዎች ከማይጠግቧቸው አውሮፕላኖች አንዷ ናት። ስትታይ ቀላል ትመስላለች፦ ከላይ አንድ ረጅም ክንፍ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ የጨርቅ ሽፋን፣ አፍንጫዋ ላይ ዘጠኝ ሲሊንደር ያለው ሞተር። ዋናው የነዳጅ ታንከር ከአብራሪው ፊት ስለተቀመጠ የፊት መስኮት እንኳ የላትም። ልኳም የታወቀ ነው። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሜትር፣ የክንፏ ስፋት 29.7 ካሬ ሜትር፣ ነዳጅ ሞልታ ስትነሣ ክብደቷ 2,330 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ለ10 አካፍሎ ትንሿን መሥራት ምን ይከብዳል?

የሚከብደው ሁሉም ነገር እኩል ስለማይካፈል ነው። ርዝመቱ ለ10 ሲካፈል የክንፉ ስፋት ለ100፣ ይዘቱና ክብደቱ ደግሞ ለ1,000 ይካፈላል። አንድ አሥረኛዋ «ስፒሪት» 1.40 ሜትር ክንፍ፣ 0.297 ካሬ ሜትር የክንፍ ስፋትና 2.33 ኪሎ ግራም ክብደት ይኖራታል ማለት ነው። ትልቋ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ክንፍ 78 ኪሎ ግራም ስትሸከም የትንሿ ሸክም 8 ኪሎ አይሞላም። አካሏም ለክብደቷ ብርቱ ነው፤ የአንድ ዘንግ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር ለ100 ሲቀንስ የሚሸከመው ግን ለ1,000 ቀንሶለታል። ሞዴል አውሮፕላን ወድቆ በጥቂት ማጣበቂያ ተጠግኖ በዚያው ቀን የሚበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንኑ መንገድ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሄደ ሰው ግን ዕዳውን ይከፍላል። የስሚዝሶኒያን ተቋም ዋና ኃላፊ የነበረው ሳሙኤል ላንግሊ በሜይ 6 ቀን 1896 በእንፋሎት የሚሠራ፣ ሰው የሌለበት ሞዴል በፖቶማክ ወንዝ ላይ አስነሥቶ 1 ኪሎ ሜትር ያህል አበረረ። ታላቅ ስኬት ነበር። ቀጥሎ የሠራው የትልቁ አውሮፕላን አንድ አራተኛ ሞዴልም በ1903 በቤንዚን ሞተር በረረ። ሰው የሚሸከመው ትልቁ ግን በአራት እጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ወደ 64 እጥፍ፣ የአካሉ ጥንካሬ ግን ወደ 16 እጥፍ ብቻ የሚሄድ ነው። በኦክቶበርና በዲሴምበር 1903 አብራሪው ቻርልስ ማንሊ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ከነአውሮፕላኑ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ደግነቱ በሕይወት ወጣ። ከሁለተኛው ውድቀት ዘጠኝ ቀን በኋላ የራይት ወንድማማቾች በረሩ። እነሱም በሞዴል የተማሩ ናቸው፤ ነገር ግን በ1901 በሠሯት ትንሽ የነፋስ ዋሻ ውስጥ ብዙ ዓይነት የክንፍ ቅርጾችን እየለኩ ሕጉን ፈለጉ እንጂ ሞዴሉን እንዳለ አላሳደጉትም። ልዩነታቸው ይህ ይመስለኛል።

ወደ ትንሿ «ስፒሪት» እንመለስ። ክንፍ የሚያነሣው ክብደት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በካሬ ሜትር ሸክሟ በ10 እጥፍ ሲቀንስ ፍጥነቷ የሚቀንሰው በ3.16 እጥፍ ብቻ ነው። ትልቋ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ስትበር ትንሿ 50 ያህል ያስፈልጋታል። ይህ ዓይን ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ትልቋ በአንድ ሰከንድ የራሷን ርዝመት አምስት ጊዜ ያህል ስትጓዝ ትንሿ 17 ጊዜ ትጓዛለች። ስለዚህ ግርማ ሞገስ ያላት አውሮፕላን ሳትሆን የተደናገጠች ወፍ ትመስላለች። የፊልም ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ሞዴል ሲያነሡ ካሜራውን ያፈጥኑና በኋላ በዝግታ ያሳያሉ። ሜዳ ላይ ግን ካሜራ አያድንም። ትንሿ በመጠኗ ልክ፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር እንድትበር ከተፈለገ ክብደቷ 233 ግራም መሆን አለበት።

ሞዴል ሠሪ ግራም የሚቆጥረው ለዚህ ነው። ሥራው የሚጀምረው በአብዛኛው ከኢኳዶር በሚመጣው የባልሳ እንጨት ነው፤ የእውነተኛዋ ክንፍ ከተሠራበት እንጨት ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ግማሽ አይደርስም። የክንፉ አጥንቶች ከስስ ጣውላ በምላጭ ይቆረጣሉ፣ በአንድ ላይ ተደርድረው ሁሉም እኩል እስኪሆኑ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻሉ፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በተዘረጋው ፕላን ላይ በስፒል ተይዘው ይጣበቃሉ። ሽፋኑ ስስ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ውሃ በስሱ ይነፋበታል፤ ሲረጥብ ይጨማደድና ሥራው የተበላሸ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን ተወጥሮ እንደ ከበሮ ይጮኻል። አደጋው ያለው እዚያው መወጠሩ ላይ ነው። ክንፉ ሰሌዳው ላይ ሳይያዝ ከደረቀ ይጣመማል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር የተጣመመ ክንፍ ደግሞ ሞዴሉን በአንድ ጎኑ አዙሮ መሬት ይዶለዋል። በመጨረሻ ክንፉ ከፊተኛው ጠርዝ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ በሁለት ጣት ተደግፎ ይነሣል። ጭራው ወደ ታች ካዘነበለ አፍንጫው ውስጥ እርሳስ ይጨመራል። ግራም ሲቆጥብ ለከረመ ሰው ይህ ያማል፤ ነገር ግን ሚዛኑ ያልተስተካከለ ሞዴል አይበርም።

ክብደቱ ቢስተካከልም አየሩ ራሱ አይቀንስም። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በተባለው ሳይንቲስት ስም የሚጠራው የሬይኖልድስ ቁጥር የአየሩ የመገስገስ ጉልበት ከመጣበቅ ጠባዩ ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሚሆን ይናገራል። ለትልቋ «ስፒሪት» ቁጥሩ 6 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለምትበረው ትንሿ ወደ 200,000 ይወርዳል፣ በዝግታ ለምትበረው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በዚህ ደረጃ ክንፉን የሚነካው ስስ የአየር ንብርብር በዝግታና በሥርዓት ይፈስሳል፤ የክንፉን ጀርባ ታኮ መውረድ ሲጀምር ግን ጉልበት አጥቶ ይላቀቃል። አየሩ ሲላቀቅ የማንሳት ኃይሉ ይወድቃል። መፍትሔው አስገራሚ ነው፦ በክንፉ ላይ ከፊተኛው ጠርዝ ትንሽ ወደ ኋላ አንድ ክር ከዳር እስከ ዳር ይጣበቃል። ክሩ ንብርብሩን ያውከዋል፣ የታወከው አየር ከላይ ያለውን ፈጣን አየር ወደ ታች ይቀላቅላል፣ ጉልበት ያገኘው ንብርብርም ክንፉን ይዞ ይቆያል። ለስላሳ ክንፍ ሁልጊዜ የተሻለ ክንፍ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ሞዴል የሚያበርር ሰው ሌላም ነገር ይጨመርበታል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ ያው ሞዴል ለመብረር 12 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት፤ ፕሮፔለሩም የሚይዘው አየር አነስተኛ ነው። በ1929 ከውጭ የመጣችው የመጀመሪያዋ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን አዲስ አበባ ስታርፍ፣ በ1935 ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት አውሮፕላን «ፀሐይ» ስትነሣ የገጠማቸው ይኸው አየር ነበር። «ፀሐይ» ጣሊያን ተወስዳ ለአሥርት ዓመታት በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ከቆየች በኋላ በጃንዋሪ 2024 ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። በሊንድበርግ አውሮፕላን ላይ የሚፈስሰው ትጋት ለእሷም ይገባታል። አካሏ ቆሞ እያለ እያንዳንዱ አጥንቷና መጋጠሚያዋ ተለክቶ ፕላን ቢወጣላት ወጣቶቻችን ጠረጴዛቸው ላይ ሊሠሯት ይችላሉ።

ሞዴል ሠሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ግን የ«ስፒሪት» ጭራ ነው። ንድፍ አውጪዋ ዶናልድ ሆል ነዳጁን እንድትሸከም ከሠሪው የራያን ኩባንያ የቀድሞ አውሮፕላን ክንፍ ይልቅ የእሷን በ3 ሜትር አስረዘመው፤ ጭራውን ግን ጊዜ ለመቆጠብ ሲል እንደነበረ ተወው። አውሮፕላኗ የተሠራችው በሁለት ወር ነው። ውጤቱ ለአፍታ ችላ ሲሏት መንገዷን የምትስት አውሮፕላን ሆነ፤ ሊንድበርግ እንቅልፍ ሲጥለው የቀሰቀሰውም አንዱ ነገር ይህ ጠባይዋ ነው። ሞዴሉ ላይ ግን ነገሩ ይብሳል። በአንድ አሥረኛ መጠን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በሦስት እጥፍ ይፈጥናል፣ የሰው እጅ ግን አይፈጥንም። ያለ መቆጣጠሪያ ተለቅቆ የሚበር ሞዴል ደግሞ የሚያርመው ሰው የለውም። ስለዚህ ብዙዎቹ ጭራውን በትንሹ ያሰፉታል፤ መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ የሚሠሩት ግን አንድ ሚሊ ሜትር አይጨምሩም። ለሚበር ሞዴል ማስፋቱ ነውር አይመስለኝም፤ መብረር የታሪኩ አካል ነውና። አሁን የጥፍር ያህል የሆነ ጋይሮስኮፕ በሬዲዮ በሚታዘዙ ሞዴሎች ውስጥ እየገባ መንቀጥቀጡን በቅጽበት ስለሚያርም በትክክለኛው ጭራ ማብረርም ተችሏል። ሊንድበርግ የታገላትን አውሮፕላን በእጁ ሊያውቅ የሚፈልግ ሰው ጋይሮስኮፑን በሚያጠፋ ማብሪያ አድርጎ ይግጠመው፤ ሲያጠፋውም ለማረም ጊዜ እንዲያገኝ በቂ ከፍታ ላይ ወጥቶ ይሁን።