ያውቁ ኖሯል? አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ከማሸነፍ እስከ ገንዘቡ

አሜሪካ ፍርድ ቤት ቆመው ቢረቱ፣ ፍርድ ቤቱ ገንዘቡን ሰብስቦ እንደማያስረክብዎት ያውቁ ኖሯል? ተረቺው በፈቃዱ ካልከፈለ፣ ከደሞዙ እንዲቆረጥ ወይም የባንክ ሒሳቡ እንዲያዝ ማመልከት የእርስዎ ፋንታ ነው። ውሳኔውን መሳቢያ ውስጥ ከቶ መጠበቅ ዋጋ የለውም።

ከደሞዝ የሚቆረጠው ልክ አለው። በ1968 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ለተራ ዕዳ የሚቆረጠው ታክስና ሶሻል ሴኩሪቲ ከተቀነሱ በኋላ ከሚተርፈው ደሞዝ ከሩቡ አይበልጥም። በዚህ ላይ የመጀመሪያው 217.50 ዶላር በሳምንት አይነካም፤ ይኸውም የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ 7.25፣ በ30 ተባዝቶ ነው። ከሁለቱ ስሌቶች ትንሹ ይወሰዳል። በሳምንት 250 ዶላር የሚደርሰው ሰው የደሞዙ ሩብ 62.50 ቢሆንም፣ የሚቆረጥበት 32.50 ብቻ ነው። የሚደርሰው 200 ከሆነ ምንም አይቆረጥበትም። 7.25 ግን ከ2009 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም፤ የቤት ኪራይም ከስሌቱ አይገባም። ለልጆች አሳዳጊ ይህ በጣም ይከብዳል። የተሻለ ጥበቃ ያላቸው ግዛቶች መኖራቸው ደግ ነው።

አገር ቤትስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ የወር ደሞዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በድምሩ ከሲሶው መብለጥ የለበትም።

ለልጅ ማሳደጊያ ሲሆን ግን የአሜሪካው ሕግ ጠበቅ ይላል፦ እንደ ሁኔታው ከ50 እስከ 65 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል።

ቀድሞ በአንዳንድ ግዛቶች ዳኛ ጉዳዩን ሳይሰማ ደሞዝ ይያዝ ነበር። ክሪስቲን ስናያዳክ የተባለች የዊስኮንሲን ሠራተኛ በ420 ዶላር ዕዳ ስትከሰስ፣ አሠሪዋ ዘንድ የነበራት ደሞዝ 63.18 ዶላር ነበር፤ ግማሹ ተያዘባት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ሠራተኛው ሳይነገረውና ሳይሰማ ደሞዙን መያዝ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነላት። ዛሬ ፍርድ ሳይሰጥ ደሞዙ ሊያዝበት የታሰበ ሠራተኛ ቀድሞ የመሰማት መብት ያለው በእሷ ክርክር ነው።

ደሞዝ ስለተቆረጠበት ብቻ ሠራተኛ ማባረር ክልክል ነው፤ ይህ ግን ለአንድ ዕዳ ብቻ ነው። ሁለተኛ ዕዳ ከመጣ የፌዴራሉ ጥበቃ ያበቃል።

ቴክሳስ ውስጥ ለተራ ዕዳ ደሞዝ አይቆረጥም። የዳላስ ሰው ታዲያ እፎይ ይበል? አይበል። ደሞዙ ባንክ ከገባ በኋላ ባለገንዘቡ ሒሳቡን ማሳገድ ይችላል።

ሒሳብ ለማስያዝ ባለዕዳው የትኛው ባንክ እንደሚጠቀም ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ ቀደም ቼክ ጽፎልዎት ከነበረ፣ የባንኩ ስምና የሒሳብ ቁጥሩ ቼኩ ላይ ታትሟል፤ ኮፒውን አይጣሉ። ያም ባይኖር፣ ባለዕዳው ፍርድ ቤት ቀርቦ በመሐላ ስለ ንብረቱ እንዲመልስ ማስጠራት ይቻላል።

በሌላ በኩል፣ ወላጆችዎ ዕዳ ኖሮባቸው ሶሻል ሴኩሪቲ የሚከፈላቸው ከሆነ ገንዘቡ በቀጥታ ባንክ እንዲገባ ያድርጉ። የእግድ ትእዛዝ ሲደርሰው ባንኩ ያለፉትን ሁለት ወራት መርምሮ፣ በቀጥታ የገባውን ያህል ሳያግድ መተው አለበት። በወረቀት ቼክ ሄደው ካስገቡት ይህ ጥበቃ በራሱ አይመጣም፤ ራሳቸው ፍርድ ቤት ቀርበው መከራከር ይኖርባቸዋል።

ፍርዱ ራሱም የጊዜ ገደብ አለው፦ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ የገንዘብ ፍርድ 10 ዓመት ያገለግላል፤ ጊዜው ሳያልፍ ካሳደሱት ይቀጥላል።