«ኢምቤሊሽ»፦ ማስዋብም፣ ማጋነንም

«ኢምቤሊሽ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ አንድን ነገር ጌጥ ጨምሮ ማሳመር ማለት ነው። ሲነገር ጎላ ብሎ የሚሰማው መሃሉ ላይ ያለው «ቤ» ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ ሥሩ «ቤሉስ» የተባለው የላቲን ቅጽል ነው፤ ያማረ ማለት ነው። ላቲን ጦርነትን «ቤሉም» ስለሚል ሁለቱን የሚያዛምድ አይጠፋም፤ ዝምድናቸው ግን የተረጋገጠ አይደለም።

የግሱ ጠባይ የሚታወቀው በሚያስጌጠው ነገር ነው። ነገሩ ጌጡ ባይኖርም ሙሉ ነው፤ ቀሚሱ ያለ ጥልፍ ይለበሳል፣ የብራናው ጽሑፍ ያለ ሐረግ ይነበባል። ስለዚህ ቆሻሻ አንሥቶ፣ ዛፍ ተክሎ ከተማን ማስዋብ «ቢውቲፋይ» እንጂ «ኢምቤሊሽ» አይባልም። ለበዓል አዳራሽ ማስጌጥ፣ ኬክ ማሳመር፣ ለወታደር ኒሻን መስጠት ጭምር «ዴኮሬት» ነው። «አዶርን» የሥነ ጽሑፍ ሽታ አለው፤ ጌጡ ራሱ ባለቤት ሆኖ ሥዕሎቹ ግድግዳውን አስዋቡት ለማለትም ያገለግላል። «ጋርኒሽ» ሳህን ላይ ቅጠልና ሎሚ ጣል ማድረግ ነው፤ ይኸው ቃል በሕግ ቋንቋ የባለዕዳን ደመወዝ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ መሆኑ ግን ግራ ያጋባል።

«ኢምቤሊሽ» ተሻጋሪ ግስ ነው፤ የሚያጌጠውን ነገር ይፈልጋል። ጌጡ የሚገባው በ«ዊዝ» ነው። በአማርኛ «በወርቅ የተጌጠ» ስለሚባል ተማሪ «ባይ ጎልድ» ሊል ይቃጣዋል፤ ትክክሉ «ኢምቤሊሽድ ዊዝ ጎልድ» ነው። «ባይ» የሚመጣው ያስጌጠው ሰው ሲጠራ ነው።

በሙዚቃ ስሙ «ኢምቤሊሽመንት» በዋናው ዜማ ላይ የሚታከሉትን ትናንሽ ድምፆች ይመለከታል። በባሮክ ዘመን በነበረው የ«ዳ ካፖ» ዜማ፣ ዘፋኙ የመጀመሪያውን ክፍል ሲደግም ከራሱ ጌጥ እንዲጨምር ይጠበቅበት ነበር።

በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ግሱ አብዝቶ የሚያስጌጠው ወሬን ነው። እዚህ ላይ ከ«ኤግዛጀሬት» መለየት አለበት። አንድ ጅብ ያየ ሰው «አሥር ነበሩ» ካለ ያለውን አበዛ፤ ያ «ኤግዛጀሬት» ነው። ጅቡ አንድ መሆኑን ሳይክድ «በዱላ አባረርኩት» የሚል ያልነበረ ትርኢት ካከለበት ደግሞ «ኢምቤሊሽ» አደረገ። ከተራ ውሸት የሚለየው አስኳሉ እውነት በመሆኑ ነው፤ የአማርኛው «ቀባብቶ ማውራት» በጣም ይቀርበዋል። የሥራ ልምድ መግለጫውን «ኢምቤሊሽ» አደረገ የተባለ አመልካች ውሸታም በሚል ቃል አልተሰደበም፤ ክሱ ግን ያው ነው፣ ጨዋነት ለብሶ መጣ እንጂ። በተቃራኒው «ዊዝአውት ኢምቤሊሽመንት» ማለት ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መናገር ነው።