ያውቁ ኖሯል? ማን ተቆጠረ፣ ማን ቀረ

የትምህርት ሪፖርት «የተማሪዎች ተሳትፎ ከ100 በመቶ በላይ» ሲል ሂሳቡ ላይሳሳት ይችላል። ይህ «ጥቅል ተሳትፎ» ነው፦ ላዕሉ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የተመዘገበውን ሁሉ፣ የ17 ዓመቱን ጎረምሳ ጭምር ይደምራል፤ ታህቱ ግን ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ልጆች ብቻ ይይዛል። ዕድሜያቸው ያለፈውን የሚያወጣው «ንጥር ተሳትፎ» ነው። በስብሰባ ላይ የትኛው ቀድሞ እንደሚነበብ መገመት አይከብድም።

በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845,099 ተማሪዎች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 27,267 ነበሩ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ደግሞ ከ674,823ቱ 36,409፤ 5.4 በመቶ። ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር ያደገው በ34 በመቶ ገደማ ነው፤ የማለፊያው ምጣኔ ግን በ67 በመቶ ገደማ። ልዩነቱን ያመጣው ታህቱ ነው፤ ተፈታኙ ከ170 ሺህ በላይ ቀንሷል። በአማራ ክልል የተካሄደው ጦርነት ብዙ ተማሪ ከፈተና አዳራሽ አስቀርቷልና፣ «ውጤት ተሻሻለ» ከማለት በፊት የቀሩትን ማሰብ ይበጃል።

በ2002 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ መዛኙ ሰዓት ይዞ በተሳሳቱት ቃላት ላይ ያሰምራል፤ 60 ሰከንድ ሲሞላ ያበቃል። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንድም ቃል አላነበቡም። ከሦስቱ አንዱ ዜሮ ላይ ተከምሮ ሳለ «በደቂቃ በአማካይ ይህን ያህል ቃል» ቢባል ማንን ይገልጻል? ሌላም አለ፦ ምዘናው የተካሄደው በስድስት ቋንቋዎች ነው፤ አገውኛ (አውንጊ) ግን ከነሱ መካከል አልነበረም። ስለዚህ በአዊ ዞን በአገውኛ ስለሚማረው ልጅ ያ 34 በመቶ ምንም አይነግረንም።

በአዊ ዞን ለቆሰበር ከተማ መምህራን አንድ ነገር፦ ለተግባራዊ ምርምራችሁ መጠይቁን በገበያ ቀን ብትበትኑ የሚሞሉት ከቤት ያልተፈለጉት ልጆች ናቸው። ብዙ ወረቀት መሰብሰብ ይህን አያርመውም፤ ናሙናው ቢበዛም ያው ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው።

«ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ በ20 መንደሮችና ሰፈሮች 3,000 ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል፤ አማራ ክልልም አለበት። ቦታዎቹ ሆን ተብሎ ድሆች ወደሚበዙበት ስላደሉ አማካዩ የአገር አማካይ አይደለም። ጥንካሬው ሌላ ነው፤ ያንኑ ልጅ ደጋግሞ መጠየቁ።

በየማስተርስ ጽሑፉ የሚገኘው ቲ-ቴስት የተወለደው ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የጊነስ ባልደረባ ዊልያም ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1908 ለትንንሽ ናሙናዎች ቀመረው፤ ድርጅቱ በስሙ እንዲያሳትም ስላልፈቀደ «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ወጣ።

እና «በስታቲስቲክስ ጉልህ ልዩነት» ማለት ትልቅ ልዩነት ማለት አይደለም። በ845 ሺህ ተፈታኝ መካከል የግማሽ ነጥብ ብልጫም «ጉልህ» ሆኖ ይወጣል፤ በ12 ተማሪ መካከል ግን የአምስት ነጥብ ብልጫ ላይወጣ ይችላል።