ራሾሞንና የምስክር ቃል

ባለፈው ክረምት ሳሪስ አቦ አካባቢ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ከአንዲት እናት ጉሊት ላይ ወጣ። ሾፌሩ «አስፋልቱን ይዛ ነበር» አለ፤ ሴቲቱ «በስልክ ይነጋገር ነበር» አለች፤ ረዳቱ ደግሞ «ፍሬኑ አልይዝ ብሎ ነው» አለ። እኔም ተጠየቅሁ። ድርጊቱ አንድ ሲሆን ቃሉ ስለ ምን ይለያያል? ይኸው ጥያቄ «ራሾሞን» የተባለውን የጃፓን ፊልም አስታወሰኝ።

ፊልሙን አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1950 አዘጋጀው፤ በ1951 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳ ተሸለመ። ታሪኩ ከደራሲው ርዩኖሱኬ አኩታጋዋ ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች የተወሰደ ነው። አንድ ሳሙራይ፥ ማለት የጃፓን ጦረኛ መኰንን፥ በጫካ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ሽፍታው፥ ሚስቲቱ፥ በሙታን ሳቢ አፍ የሚናገረው ሟቹም ጭምር በየተራ ይመሰክራሉ። ዳኛው ከቶ አይታይም፤ ምስክሮቹ ወደ ተመልካቹ ዞረው ስለሚናገሩ ፈራጆቹ እኛው ነን።

ከዚህ ተነሥተው «እውነትም፥ በጎና ክፉም እንደ ሰዉ ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ለእኔ ግን ፊልሙ ይህን የሚል አይመስለኝም። በችሎት የለመድነው ተከሳሽ «አልገደልሁም» ሲል ነው። እዚህ ግን ሽፍታው «በጀግንነት ተዋግቼ ገደልሁት» ይላል፤ ሟቹ «ራሴን ገደልሁ» ይላል፤ ሚስቲቱም ጩቤው በእጅዋ እንደ ነበረ ትናገራለች። የሚሸሽጉት ወንጀላቸውን ሳይሆን ውርደታቸውን ነው። የሚሸሸግ ነገር ካለ ደግሞ እውነት አለ ማለት ነው።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። በአፈርሳታ ጊዜ አገሬው አንድ ሥፍራ ተሰብስቦ፥ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። ሐሳቡም እውነቱ በሕዝቡ መካከል አለ፤ የጎደለው የሚናገረው ሰው ነው የሚል ነው።

በፊልሙ ውስጥ እንጨት ቆራጩ ሁሉን አይቶ በችሎት ፊት ደብቆታል። አብሮት ከዝናብ የተጠለለው ሰው ግን ምክንያቱን ይደርስበታል፤ ውዱን ጩቤ የወሰደው እሱ ነበርና። በመጨረሻ ይኸው ሰው፥ ስድስት ልጆች እያሉት፥ የተጣለውን ሕፃን ሊያሳድግ ታቅፎ ይሄዳል። የሚታፈርበትን ከሚታፈርለት ለይቶ ባያውቅ ኖሮ ይህን ባላደረገ ነበር።

እኔም ስጠየቅ «በደንብ አላየሁም» አልሁ። ስልኩን በሾፌሩ ጆሮ ላይ አይቼው ነበር፤ ነገር ግን የሠፈሬ ልጅ ነው። ሴቲቱ ቲማቲሟን ከጭቃ ስትለቅም ቆሜ ተመለከትሁ። እንግዲህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ «ሁሉም የየራሱ እውነት አለው» ለማለት ስንቸኩል፥ ኪሣራውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ አስቀድመን እንጠይቅ።