ባጃጅ ጎማ ስትቀይር

የባጃጅ ሹፌር ጎማ መሸጫ ገብቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «4.00-8 አለ?» ሻጩ ያወርድለታል፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን የሚናገረው ጎማው ቸርኬው ላይ መግባቱን እንጂ ጭነቱን መቻሉን አይደለም።

4.00 የጎማው ስፋት በኢንች ነው፤ 8 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር። መሐል ያለችው ሰረዝ ጎማው ራዲያል አለመሆኑን ታሳያለች፤ ራዲያል ቢሆን ኖሮ በእሷ ፋንታ «አር» የሚለው ፊደል ይቀመጥ ነበር። በየከተማችን የምትርመሰመሰው ሰው ጫኝ ባጃጅ ከፊትም ከኋላም ይህንኑ ልክ ስለምትጠቀም አንድ ስኮርታ ለሦስቱም ይበቃል። ማክሲማ የምትባለው ትልቋ ግን 4.50-10 ናት፤ ከታናሿ ጋር ጎማ አትዋዋስም።

ችግሩ በ4.00-8 ልክ የሚሠራው የባጃጅ ጎማ ብቻ አለመሆኑ ላይ ነው። ግንበኞች አሸዋ የሚገፉበት የእጅ ጋሪ ጎማም ብዙ ጊዜ ይኸው ልክ ነው። የባጃጇ ቸርኬ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ዋጋውም ይረክሳል። የተሠራው ግን በሰው እርምጃ ለሚገፋ ጭነት እንጂ ሹፌርና ሦስት ተሳፋሪ ይዛ አስፋልት ላይ ለምትከንፍ ተሽከርካሪ አይደለም። ልዩነቱ ጎማው ጎን ላይ ከሚነበበው የ«ፒ.አር» ቁጥር ይታወቃል፤ ጋሪው ላይ 2 ወይም 4 ይሆናል፣ ለባጃጅ በሚመረተው ላይ ብዙውን ጊዜ 6። ይህ ቁጥር ድሮ የክር ንጣፉን ብዛት ይቆጥር ነበር፤ ዛሬ የጥንካሬ ደረጃ ነው። የባጃጇ ማኑዋል ከሚጠይቀው ደረጃ በታች የሆነ ጎማ በነፃ ቢሰጥም መውሰድ የለብዎትም።

ትንሽ ጎማ ደግሞ ሥራው ብዙ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ከ750 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ባለ 13 ኢንች የቤት መኪና ጎማ በዚያው መንገድ 600 ጊዜ አይሞላም። ብዙ የሚዞር ብዙ ይፋተጋል፣ ብዙ ይሞቃል። ነፋስ የጎደለው ከሆነ ጎኑ እየታጠፈ ስለሚሄድ ሙቀቱ ይብስበታል። ድሬዳዋ ላይ በቀትር የሚሠራ ሹፌር ይህን ማንም ሊነግረው አይገባም።

ዕድሜውም ይነበባል። ብዙዎቹ ጎማዎች ጎናቸው ላይ 4 አሃዝ ተቀርጾባቸዋል፤ 2324 ካለ ጎማው የተመረተው በ2024 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ነው። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከቆጠሩት ገና ያልተወለደ ጎማ ገዝተዋል ማለት ነው! ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ጎማ ጥርሱ ባይነካም ጎኑ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ጠበቅ አድርጎ አጥፎ ማየት ነው።

ለአንድ ጎማ ብቻ ገንዘብ ያለው የቱን ይቀይር? እኔ የፊተኛውን እላለሁ። የኋላው ሲፈነዳ ባጃጇ ታዘነብላለች፤ የፊቱ ብቻውን ስለሆነ ሲፈነዳ መሪው አብሮ ይሄዳል። ሊሾ የሆነ ጎማ ከፊት አስገብቶ በዝናብ መውጣት ድፍረት አይባልም። የኋላዎቹ ግን ጥንድ ናቸው፤ አንዱ አዲስ ሌላው ያለቀ ከሆነ የዙሪያቸው ልክ ስለሚለያይ ዲፈረንሻሉ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ አያርፍም። የሚቀየሩት አብረው ቢሆን ይሻላል።

ካላማዳሪውን አሮጌው ይበቃል ብለው አይለፉት። በአሮጌ ጎማ ውስጥ ተለጥጦ የኖረ ካላማዳሪ አዲሱ ውስጥ ይጨማደዳል፤ የተጨማደደበት ቦታም ቶሎ ይበሳል።

የቀረው የጎሚስታው እጅ ነው። የባጃጅ ቸርኬ እንደ መኪና አንድ ወጥ አይደለም፤ ሁለት ግማሽ ሆኖ በዳዶ የተጋጠመ ነው። ጎማውን ባጃጇ ላይ የሚይዙት ዳዶዎች ሌላ፣ ሁለቱን ግማሾች የሚያጋጥሙት ሌላ ናቸው። ነፋሱ ሳይወጣ የማጋጠሚያዎቹ ከተፈቱ ቸርኬው በኃይል ተለያይቶ ሰው ይጎዳል። የሠለጠነ ጎሚስታ አስቀድሞ ነፋሱን ጨርሶ ያስወጣል፤ ሲገጥምም ካላማዳሪው በሁለቱ ብረቶች መሐል እንዳይቆነጠጥ ትንሽ ነፋስ ሰጥቶት ነው።

ገጥመው ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ሠርተው ጎማውን ባጃጇ ላይ የሚይዙትን ዳዶዎች እንደገና ያስጠብቁ። ነፋሱንም በማግስቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ያስለኩ።